በአጎት ቃል የተገኘ ሥራ

ሰፈሩ «አቤቱታ» ይለኛል። ስሙን ያወጡልኝ በሥራ ዘመኔ ስለደረሰብኝ በደል ደጋግሜ ለበላይ አካል ስለጻፍኩ ነው፤ ከጻፍኩት ውስጥ አንዱን እንኳ ያነበበ ባለሥልጣን እንደሌለ ግን ማንም አያነሳልኝም። ትምህርቴ ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም። ይሁንና ዓይንና ጆሮ አልተነፈግኩም። አንድ ቀን በጎረቤቴ ጋራዥ ያየሁትንና የሰማሁትን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ፤ ዘመዱን ሥራ ያስገባ ሰውም፣ የገባው ወጣትም ቢያነበው አይጎዳም።

ወደ ጋራዡ የሄድኩት የውሃ መሳቢያ ሞተሬ ተቃጥሎብኝ ነበር። የምሳ ሰዓት በመሆኑ ሠራተኞቹ ወጥተዋል። መካኒኩ ግን አንድ የጭነት መኪና ሥር ተንጋሎ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ማነው?» አለ ከሥር ሆኖ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው ብዙ ነው።»

«አቤቱታ ነኝ እንግዲህ!»

«እንደሱ በለኝ። አስቀምጠውና ቁጭ በል። ዛሬ ደግሞ ማንን ልትከስ ነው?»

መልስ ሳልሰጠው አንዲት ወጣት በብረቱ በር ገባች። የወንድሙ ልጅ ናት። ወንድሙ ከሞተ በኋላ አሳድጎ፣ በኮምፒውተር ትምህርት ያስመረቃት እሱ ነው። አንድ ሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት ተቀጥራ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሥራውን ያገኘላትም እሱ ነው፤ የድርጅቱ ባለቤት መኪኖቹን የሚያሠራው እዚሁ ጋራዥ ስለሆነ።

«አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ?»

«የኔ ኮምፒውተር! በሥራ ቀን እዚህ ምን አመጣሽ?» እያለ ከመኪናው ሥር ወጣና እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

«ለምሳ ወጥቼ ነው። የማማክርዎት ነገር አለኝ» አለችና ወደ እኔ ተመለከተች። ጨዋ ሰው ቢሆን ኖሮ ይነሳ ነበር። እኔ ወንበሬን አስተካከልኩ። «ጋሼም ቢሰሙ ግድ የለኝም» አለች፤ እንደማልነሳ ገብቷታል።

ነገሩ ይህ ነው። ሌላ ቦታ ለሥራ ተፈትና አልፋለች። እስከ ማታ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ብላ መልስ መስጠት አለባት። አጎቷ ሳያውቅ ግን ቃል መስጠት አልፈለገችም።

መካኒኩ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለው። «ይሄ መኪና የማን ነው?» አላት።

«የአለቃዬ።»

«እዚያ ጥግ የቆመውስ?»

«እሱም የእሳቸው ነው።»

«እንግዲህ ልብ በይ። ስንቱ ተመራቂ ከበራቸው ሲመለስ አንቺን ያስገቡሽ ፊቴን አይተው ነው። ‹የወንድሜ ልጅ ናት› ብላቸው ‹ያንተ ልጅ ከሆነች የኔም ልጅ ናት› አሉኝ። ሌላ ጥያቄ እንኳ አልጠየቁም። አሁን ጥላ ሄደች ሲባል ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?»

«የኔም ልጅ» የሚሉትን ነገር ስሰማ ጥርሴ ይፋጫል። የኔም አለቃ «ወንድሜ» ነበር የሚለኝ። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ኃላፊነት ለሚስቱ ዘመድ ሲሰጥም «ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ» ብሎኛል። ቅር አለኝ። ይኸው እስካሁን እንዳለኝ አለ።

ልጅቷ ድምጿን ሳታነሳ ቀጠለች። «አጎቴ፣ ውለታዎን አልረሳሁም። ግን ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከትራንስፖርት አይተርፍም። ወሩ ሳይጋመስ ወደ እርስዎ እመጣለሁ።»

«መጣሽ እንጂ ከለከልኩሽ?»

«አልከለከሉኝም። ሲታሰብ ግን ለእኔ ግማሹን ደመወዝ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። እሳቸው በርካሽ የሚያሠሩኝ ከእርስዎ ኪስ ነው።»

መካኒኩ ሳቁ መጣ። «የኮምፒውተር ትምህርት እንዲህ ያለውንም ያስተምራል?»

«እሱን ያስተማረኝ የወሩ መጨረሻ ነው።»

«ጭማሪ ጠይቀሻል?»

«ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ‹እኛ ቤተሰብ ነን፤ ቤተሰብ መሃል ገንዘብ አይነሳም› ነው የሚሉኝ።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «ታዲያ ውርሱ ላይ ስምሽ መኖሩን አጣርተሻል?» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ መካኒኩ፣ «አፍህን ካልሰበሰብክ ሞተርህን እንደተቃጠለ ነው የምመልስልህ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። «ልጄ፣ ታገሺ። እኔ ሙያ ስማር ማን ከፈለኝ? ጌታዬ ምሳ ካበላኝ ተመስገን ነበር። ባገኘሁት አልጋ ላይ እያደርኩ፣ በሰው ቱታ እየሠራሁ ነው ሰው የሆንኩት። ሁላችሁም ዛሬ ገብታችሁ ነገ መክበር ትፈልጋላችሁ።»

ይህ የትልልቅ ሰዎች የተለመደ ንግግር ነው። እነሱ ስለተቸገሩ ሌላው ካልተቸገረ የተበደሉ ይመስላቸዋል። እኔም አንዳንዴ እንዲህ እላለሁ፤ ስለዚህ አልፈረድኩበትም።

«ያን ጊዜ ይማሩ ነበር?» አለችው።

«እንዴታ! ጌታዬ ሞተር ሲከፍት አንገቴን አስግጌ ነው የማየው። ሲሳሳት እንኳ አጠገቡ ነበርኩ።»

«እኔም ብማር ኖሮ ደመወዙን እታገሠው ነበር። ልንገርዎት የምሠራውን? ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ አወጣለሁ። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሠራተኛ ሲመጣ እቀይርለታለሁ። በዕረፍት ቀኔ እየተጠራሁ የአለቃዬን ልጆች ስልክ አስተካክላለሁ፤ ለመኪናቸው ዘፈን በፍላሽ እጭናለሁ።»

«ታዲያ የተማርሽው ትምህርትስ?»

«የተማርኩት ሰርቨር ላይ ነው።»

«ሰርቨር ምንድነው?»

«የድርጅቱ ሒሳብ፣ የመጋዘኑ መረጃ፣ ሁሉም የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር። ለብቻው ክፍል አለው። የክፍሉ ቁልፍ የሚያዘው በእኔ ነው።»

«ይኸው! ትልቁን ነገር አምነውሽ የለ?»

«ቁልፉን ነው ያመኑኝ። ሥራውን የሚሠሩት በኮንትራት ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሲመጡ በሩን እከፍታለሁ፤ ሲጨርሱ እዘጋለሁ። አንድ ቀን ቆሜ ልይ ብል አለቃዬ ‹ሰዎቹን አታስቸግሪ፣ ሂጂ የሒሳብ ክፍሉን ማተሚያ እዪው› አሉኝ።»

መካኒኩ ባዶ የዘይት በርሜል ስቦ ተቀመጠ። ልጅቷም ከፊቱ ሄዳ ቆመች።

«አጎቴ፣ ሙያ ሊለምድ እዚህ የሚገባ ልጅ ጎማ በመፍታት ነው የሚጀምረው አይደል? ምን ያህል ጊዜ ያስፈቱታል?»

«እንደ ልጁ ነው። ብቻ ክረምት አያልፍበትም።»

«ቢያልፍበትስ?»

«እጁ ይደነዝዛላ! ጎማ ፈቺ ሆኖ ይቀራል። እኔ ወይ ሞተር ላይ አወጣዋለሁ፣ ወይ ቦታ ከሌለኝ እጁን ይዤ ሌላ ጋራዥ አስገባዋለሁ። የሰው ልጅ አላበላሽም።»

እውነቱን ነው፤ ይህን ልማዱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሌሎች ባለጋራዦች «ለእኛ ሠራተኛ የሚያመርት ሞኝ» እያሉ ይስቁበታል።

ልጅቷ ቀስ ብላ «አጎቴ፣ እኔ እስካሁን ጎማ ላይ ነኝ» አለችው።

ሰውዬው ራሱን ዝቅ አደረገ። አጠገባችን ካለው መኪና የሚንጠባጠበው ዘይት ሳህን ላይ ሲያርፍ ይሰማል። «ይሄን ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?» አላት።

«ባገኙልኝ ሥራ የማማርር እንዳይመስልብኝ ፈርቼ።»

«የአዲሱ ቦታስ ነገር? የሙከራ ጊዜ አለው?»

«አለው። ካልወደዱኝ ያለ ሥራ እቀራለሁ፤ እሱን አልደብቅዎትም። ደመወዙም እንደሚያስቡት አይደለም፤ ካሁኑ በትንሹ ነው የሚሻለው። ግን የሚበልጡኝ ባለሙያዎች አጠገብ እቀመጣለሁ። ሰርቨሩን በእጄ እነካለሁ። ስሳሳት የሚያርመኝ ሰው አለ።»

እኔ ደመወዙ እጥፍ የሆነ መስሎኝ ነበር። «በትንሹ?» አልኩ፣ «ለትንሽ ከሆነማ ቢያንስ አንጀትሽን አርሺ! ነገ አትግቢ። ስልክሽን ዝጊ። የክፍሉን ቁልፍና የይለፍ ቃሉን ሁሉ ይዘሽ ቁጭ በይ። ያን ጊዜ ዋጋሽን ያውቃል። ደጅሽ መጥቶ ነው የሚለምንሽ።»

መካኒኩ ከበርሜሉ ተነሳ። «ይሄ ሌብነት ነው! ከእኔ ቤት የወጣ ልጅ የሰው ዕቃ ይዞ አይሄድም።»

«የኔን ዕድሜ ይዘው ሲሄዱ ማን ሌባ አላቸው?»

«እሱን ከአለቃህ ጋር ተነጋገር፤ ልጅቷ የአንተን ቂም አትወጣም!»

ልጅቷ በመሃላችን ገባች። «ጋሼ፣ ስለ እኔ ተቆርቁረው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቁልፉን ይዤ ብጠፋ እሳቸው አይራቡም። የሚራቡት የመጋዘን ጫኝና አውራጆቹ ናቸው፤ የእነሱ ደመወዝ የሚሠራው በዚያ ሰርቨር ላይ ነው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጫኝና አውራጆችን በሥራ ዘመኔ ከማንም በላይ የማውቃቸው እኔ ነኝ፤ ደመወዝ አንድ ቀን ሲዘገይባቸው ፊታቸው ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

«እሺ፣ እንዴት ልትወጪ አሰብሽ?» አላት አጎቷ።

«በሕጉ መሠረት መልቀቂያ አስገብቼ አንድ ወር እሠራለሁ። አዲሶቹም እስከዚያ እንደሚጠብቁኝ ነግረውኛል። የምሠራውን ሁሉ ለሚተካኝ አሳያለሁ፤ ቁልፉንም በፊርማ አስረክባለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው ምርቃት ብቻ ነው።»

«እኔ ልደውልላቸው?»

«አይ፣ አጎቴ። ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት፤ መውጫውን ግን እኔ ልናገር።»

መካኒኩ ጥቁር ዘይት የነካውን እጁን ልብሷን እንዳያቆሽሽ አየር ላይ ዘርግቶ መረቃት። «ሂጂ። ወሬ አታብዢ። ደመወዝ አነሰኝ ብቻ አትበያቸው፤ መማር አቁሜያለሁ በያቸው። እሱ ነው ዋናው።»

ልጅቷ ሄደች። እኔም ሞተሬ እስኪጠገን ተቀመጥኩ። መካኒኩ ሽቦውን ሲጠመጥም ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። ወደ አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ። እጁ ስለቆሸሸ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ አስቀመጠው፤ እኔም ሰማሁ።

«ልጅህ ልትለቅ ነው!» አለ አለቃዋ፣ አከፋፋዩ። «ምን አጎደልኩባት? እንደ ልጄ አይደል የያዝኳት?»

«እንደ ልጅ ይዘዋታል፤ ለዚያ አመሰግናለሁ። እንደ ባለሙያ ግን አልያዟትም።»

«እና አንተ ይሄን ሰምተህ ዝም አልክ?»

«መርቄ ነው የላክኋት።»

«እንግዲህ እኔም መኪኖቼን የማሠራበት ሌላ ቦታ አላጣም» አለ ሰውዬው።

መካኒኩ ሽቦውን አስቀመጠ። ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ሁለቱ መኪኖች ለጋራዡ ቀላል ሥራ አልነበሩም። «የአንደኛው የፍሬን ጥገና ነገ ያልቃል» አለው በተረጋጋ ድምፅ። «ሳላጠናቅቀው አይውሰዱት፤ አደጋ አለው። ከዚያ በኋላ እንደ ፈቃድዎ።»

እንግዲህ የሆነውን ልናገር። አከፋፋዩ መኪኖቹን ወሰደ። ጋራዡ ለተወሰነ ጊዜ ሥራ ቀነሰበት፤ እንዳልተጎዳ አድርጌ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ልጅቷ ወሯን ጨርሳ፣ ሥራዋን አስረክባ ወጣች። የሚተካት ሰው ጠፍቶ፣ በዚያ ደመወዝ የሚመጣ ስላልተገኘ፣ አከፋፋዩ ሳይወድ በግድ ደመወዙን ከፍ አድርጎ ቀጠረ። «ቤተሰብ መሃል ገንዘብ አይነሳም» የሚለው ሰውዬ ገንዘብ አነሳ ማለት ነው። ልጅቷ በአዲሱ ቦታ የሙከራ ጊዜዋን አልፋለች። ወር ሲጋመስ አጎቷ ዘንድ አትመጣም፤ ማለቴ ለገንዘብ አትመጣም።

ከዚህ የሚወሰደው ምክር ይህ ነው። ደመወዝ ያነሰው ወጣት በመጀመሪያ በግልጽ ይጠይቅ፤ ጠይቆ ካጣም በዚያ ቦታ የሚማረው ነገር መኖሩን ይመርምር። የሚማር ከሆነ ትንሽ መታገሡ ኪሳራ አይደለም። ደመወዙም ትምህርቱም ከሌለ ግን የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ዕድሜው ብቻ ነው የሚሄደው። ሲወጣም በሩን ገርበብ አድርጎ፣ የያዘውን አስረክቦ ይውጣ። ሥራ ያስገባ ዘመድ ደግሞ በር የከፈተ መሆኑን ይወቅ፤ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ማንም እንዳይወጣ መጠበቅ የእሱ ድርሻ አይደለም።

በቀደም ማታ በጋራዡ በር ሳልፍ ልጅቷ ከአጎቷ ጋር በርሜል ላይ ተቀምጣ አየኋቸው። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይላታል። እሷም ስለ ሰርቨሩ በእጇ አየር ላይ እየሣለች ታስረዳዋለች። አንዲት ቃል እንደማይገባው ከፊቱ ያስታውቃል። ሳትጨርስ ግን አይለቃትም።