ለአንድ መጽሐፍ አንድ ብይን

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ የመንጋጋ ጥርሷን ልትታይ ሐኪም ቤት ስትገባ፣ የንባብ ክበቡን ሰብሳቢ ጉንጫቸው አብጦ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከክበቡ ሰዎች በቀር የሚያዋራቸው የለም። ክበቡ ደግሞ ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ነው።

ልማዱ እንዲህ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ተነብቦ ሲያልቅ ድምፅ ይሰጥና አንድ ብይን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ «ይነበብ» ወይም «አይነበብ»። አይነበብ የተባለው መጋዘን ይወርዳል። የዚህ ወር ልብ ወለድ አምስት ታሪኮች ያሉት ነው። ታሪኮቹ አንድ የባቡር ጣቢያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ይተላለፋሉ እንጂ አይተሳሰሩም። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው አሰልቺ ነው አለ። አናጺው ሁለቱን ታሪክ ወዶ ሦስቱን ጠላ። ነርሷ «እናቴን አገኘሁበት» ብላ ስትጀምር ሰብሳቢው «ወደ ድምፅ እንግባ» ብለው አቋረጧት። ትታ ወጣች፤ ድምፁም ለቅዳሜ ተላለፈ። ነርሷ የምትሠራው እዚሁ ጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ሰብሳቢው ሌላ ቦታ መሄድ ፈልገው ነበር፤ ጥርሱ ግን ፋታ አልሰጣቸውም።

«እግዜር ይማርዎት ጋሼ» አለች ወጣቷ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ዙሪያ ጥምጥም አትወድምና ቀጠለች፤ «ቅዳሜ መጽሐፉን መጋዘን ሊያወርዱት ነው?»

«የሚያወርደው ድምፁ ነው» አሉ በግማሽ አፋቸው። «ደግሞ ይውረድ። እጅጌውን ለብቻ፣ ኮሌታውን ለብቻ ሰጥቼ ሸሚዝ ነው ብል ደንበኛ ምን ይለኛል? ጸሐፊው ክር አልቆበት ነው እንዴ?»

«ሻንጣ ውስጥ ያለ ልብስም እኮ አንዱ ካንዱ አልተሰፋም። ሲከፍቱት ግን የአንድ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።»

«ሻንጣ አይለበስም፣ ልጄ።»

መልሱ ጥሩ ስለነበር ተናደደች።

«መጨረሻውስ?» አሉ ሰብሳቢው፣ ጉንጫቸውን ደግፈው። «ትኬት ቆራጩ ልጁን ይጠብቃል ብሎ ጀመረልን። መጨረሻው ላይ አንዲት አዋላጅ ጫማዋን ታስራለች። ሰውየውን ምድር ዋጠችው?»

«ልጁ ሲወለድ ያዋለደችው እሷ ናት። ነገሩ መሃል ላይ በአንድ መስመር ያልፋል።» ቆም አለች። «ጋሼ፣ መሃሉን አንብበዋል?»

«ሰብሳቢ የመጽሐፉን ራስና እግር ነው የሚያየው። ነውር እንዳለበት ለማወቅ ሁልጊዜም በቅቶኛል።»

ሳቋን ዋጠችው። መነሻው ላይ ያለ ሰው መድረሻውም ላይ በሚገኝበት መጽሐፍ ይህ ዘዴ ብዙ አያሳፍርም፤ በዚህኛው ግን ሽማግሌውን ጉድ ሠርቷቸዋል።

«እሺ፣ አነበዋለሁ» አሉ፣ ፊታቸው እንደ መቅላት ብሎ። «ቆጣሪ አንባቢውስ? እሱ ጨርሶታል፤ ሰልችቶታል። እሱንም አላነበብክም ትዪዋለሽ?»

«አልለውም። ይሰልቸው፣ መብቱ ነው። እኔም አራተኛው ታሪክ ላይ አዛግቻለሁ። ችግሩ የእሱ መሰልቸት የነርሷን አፍ መዝጋቱ ነው።»

«አንዱ ጥሩ፣ አንዱ መጥፎ ካለ ሕዝቡ ማንን ይስማ? ካልተስማማን የምን ክበብ ነው?»

«በስምምነቱ ማን ቀረ ጋሼ? መምህሯ ሄደች፣ ዳቦ ጋጋሪው ሄደ። በድምፅ የተረታ ሰው በሳምንቱ አይመጣም። ነርሷም ስትሄድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማን ጋር ሊያወሩ ነው?»

ንግግሯ እንደከበደ ገባት፤ እውነት ስለሆነ ግን ቃሏን አላጠፈችም።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። «ተራዎ ነው ጋሼ» አለች፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር።

ጥርሱ ተነቅሎ ሲወጡ ጥጥ ነክሰው ነበር። «ደሙ እስኪቆም መናገር አይቻልም» አለች ነርሷ። ሰብሳቢው ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉላት። ከዚያም ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው እንደ መጽሐፍ ገለጡት።

ነርሷ ወጣቷን አየቻት። ተራው የወጣቷ ነበር፤ መጠበቅ የማትወድ ብትሆንም «እኔ እቆያለሁ» አለች።

«እናቴ የባቡር ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች» ብላ ጀመረች ነርሷ። «መጽሐፉ ውስጥ አንዲት መጥረጊያ የያዘች ሴት አለች። የአምስቱም ታሪክ ሰዎች አጠገቧ ያልፋሉ፤ ስሟን የጠየቃት የለም። እናንተ አይገናኝም ትላላችሁ። አዎ፣ አይገናኝም። እናቴ እንደዚያ ነው የኖረችው። ቤት ስትገባ ያየቻቸውን ሰዎች ትነግረን ነበር፤ የአንዳቸውንም መጨረሻ አታውቅም።»

ሰብሳቢው ሊመልሱ ቃጣቸው፤ ጥጡ ከለከላቸው። ነርሷም አሳቧን እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ በዚያ ክበብ ሰዎች መካከል ይህ ሲሆን የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ ጠየቁ።

ቅዳሜ ሰብሳቢው «ድምፁ ይቅር» አሉ። እያንዳንዱ የራሱን አስተያየት ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። ቆጣሪ አንባቢው አሁንም «አሰልቺ» አለ፤ ማንም አልተቆጣውም። ሰብሳቢውም «ሙሉውን አንብቤዋለሁ። ክሩ አሁንም ላልቶብኛል፤ መጥረጊያ የያዘችውን ሴት ግን ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልኩም» ብለው ጻፉ።

የለውጡ ጥቅም ለመታየት ብዙ አልቆየም። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ማደር አቆመ። በሩ ላይ እርስ በርሱ የሚጣላ ወረቀት ያየ ሁሉ ማን ልክ እንደሆነ ራሱ ሊያጣራ ይዋሰዋል። የተረታ ስለሌለ የሚያኮርፍም የለም። ዳቦ ጋጋሪው ሊከራከር ተመለሰ፤ መምህሯም ተከትላው መጣች። ሰብሳቢው ግን ፈጽሞ ዝም አላሉም። አንዱ የሌላውን ቃል ሊቀማ ሲል እጃቸውን ያነሣሉ፤ «ቆይ፣ እሷ አልጨረሰችም» ይላሉ።