ሬሳው የት አለ ላሉን

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የልደታና የአብነት ጎረቤቶቼ፣ እትዬ ጠጅቱ፤ እግዜር ያጽናዎት።

ወርቅአፈራሁ እባላለሁ፤ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ከኋላ ቆማችሁ የምትጽፉ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። ስሜን አስተካክላችሁ ጻፉ። የቆምኩት የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ገብረየሱስን ልሰናበት ነው። ተናድጄም ነው የቆምኩት።

ያንን ግንብ የማያውቅ እዚህ አለ? በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ዘጠኝ የሰፈራችንን ሰዎች የረሸነበትን፣ የጥይቱ ቀዳዳ ዛሬም ያልተደፈነውን ግንብ? ከዘጠኙ አንዱ የጋሽ ገብረየሱስ አባት ነበሩ። ያኔ ማልቀስ ተከልክሎ ነበር። እናታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ነው ያለቀሱት። ድንኳን አልተተከለም። አስከሬኑን ጭነው ወሰዱት፤ የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ለጋሽ ገብረየሱስ የአባታቸው መቃብር ያ ግንብ ነው።

ይህንን ነው ለሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ይፍረስ ያሉን። ፋብሪካ ማን ጠላ? በሳሙናው እኛም እንታጠባለን። ግን መሬት ጠፋ? ከዚህ ሁሉ ባዶ ሜዳ ዓይናቸው የገባው የሙታናችን ግንብ ነው? ይህን ስንጠይቅ ፀረ ልማት ተባልን። አድኃሪ ተባልን።

ጋሽ ገብረየሱስ አቤት ያላሉበት ቢሮ የለም። አንድ ቀን ሜክሲኮ አካባቢ አብሬያቸው ገባሁ። ኃላፊው ቀና እንኳ ሳይል «ቅርስ ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ» አላቸው። በልጃቸው ዕድሜ ያለ ሰው ነው። እሳቸው ግን «ጌታዬ፣ ማስረጃው ግንብ ሆኖብኝ መሸከም አቃተኝ። እርስዎ ይምጡና ጣትዎን ቀዳዳው ውስጥ ያስገቡ» አሉት። ሰውዬው አልመጣም። የመጣው ዶዘር ነው።

ያን ሰኞ ታስታውሳላችሁ። ዶዘሩ ሲደርስ የእድራችን ድንኳን ግንቡ ሥር ተተክሏል። እናንተ አግዳሚው ላይ ተደርድራችኋል። ሸምሲያ ንፍሮ ታዞራለች። ሹፌሩ፣ ዋቅሹማ የሚባለው፣ ሞተሩን አጠፋ። ለቅሶ ላይ ማን ይነዳል? ቆቡን አውልቆ ገባ፤ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ተቀመጠ፤ ንፍሮውን ተቀበለ። ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀም።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ።

«አባቴና ስምንት ጎረቤቶቹ» አሉ ጋሽ ገብረየሱስ።

«መቼ?»

«አርባ አምስት ዓመት ሆነው። ገና ዛሬ ማልቀሳችን ነው።»

«ሬሳው የት አለ?»

ሬሳው የት አለ! ይህንን ለእሳቸው። እኛስ ምን አልን? ዝም አልን። እኔ፣ ስብሰባ ላይ አፌ የማያርፈው ሰውዬ፣ ዝም አልኩ። ይህን ለራሴ ይቅር አልልም።

«ሬሳ ከሌለ ለቅሶ የለም» ብሎ ድንኳኑን አስነቀለ። እሳቸውን ወሰዳቸው። በዚያ ግርግር ዶዘሩ ግንቡን ሳይነካ ተመለሰ። የስድሳ ዓመት ሽማግሌ አስራ አንድ ቀን ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስተኙ። በእግራቸው ገብተው በሰው ትከሻ ወጡ። ምን አጥፍተው? አባታቸውን ማልቀሳቸው ነው ጥፋቱ?

ሐሙስ ዕለት አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። ሳሉ አላናግር ብሏቸዋል። እጄን ያዙና «ወርቄ፣ ዶዘሩ መቼ ይመለሳል?» አሉኝ።

«ሰኞ ነው ያሉት።»

«እንግዲያው የኔን ድንኳን ደጄ ላይ እንዳትተክሉ» አሉ።

የት እንደምንተክለው አልጠየቅኳቸውም። ትናንት ቅዳሜ ጠዋት አረፉ።

ጋሽ ገብረየሱስ፣ ከዚህ ስንመለስ ወደ ቤትዎ አንሄድም። ድንኳንዎ ግንቡ ሥር ቆሟል፤ ባለቤትዎ እትዬ ጠጅቱም ፈቅደዋል። ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ነገ ሰኞ ሊቀመንበሩ ይምጣ። ያንን ጥያቄ ይጠይቀን። አሁን ሬሳ አለን። ካህናቱ ፈትተውታል፣ አገሩ ሁሉ ቀብሮታል፣ እንዴት እንደሞቱም እናውቃለን። ይህን ፊት ለፊቱ የምነግረው እኔ ነኝ።

እርስዎ አሁን ይረፉ። ነገ ግንቡ ሥር ለእርስዎም፣ ለአባትዎም፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናለቅሳለን። ነጠላውን አፉ ውስጥ የሚጠቀጥቅ አይኖርም።

ደህና ይሁኑ፣ ዳኛችን።