የጓሮ በር የጠየቀችኝ ተከራይ

አሶሳ ውስጥ የቤት ደላላ ነኝ። ተከራይ ምን እንደሚጠይቀኝ አፉን ሳይከፍት አውቀዋለሁ፤ ውሃ፣ መብራት፣ ለብቻው ሽንት ቤት፣ ነገረኛ ያልሆነ አከራይ። ባለፈው የገጠመችኝ ሴት ግን ከድባጤ ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ ሁለት ልጆቿን ይዛለች። ያለኝን ምርጥ የብሎኬት ቤት አሳየኋት። ቧንቧውን ስከፍትላት ዞር ብላም አላየችው። ቤቱን በውጭ በኩል ዞራ መጣችና «የጓሮ በር የለውም?» አለችኝ። «እህቴ፣ አንዱ በር ይበቃል፤ ለሌባም አይመችም» አልኳት። «የኛም ቤት በሩ አንድ ነበር፣ ወንድሜ። ገዳዮቹ ሲመጡብን ባለቤቴ እዚያው በር ላይ ቀረ» አለችኝ፣ ድምጿን እንኳ ሳትለውጥ። ገብቼ ቧንቧውን ዘጋሁት።

የቀረኝ ለሰው ማሳየት የማፍርበት የቀርከሃ ቤት ነበር። ገባችና የኋላውን ግድግዳ በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ተለመጠላት። ትልቋ ልጇም ማንም ሳያዛት መጥታ ገፋችው። «ይሄ ይሁነን» አለች እናትየው። እኔ ቤቴ ስገባ ምሳ ቀርቦ ነበር፤ አልበላሁም። ወደ ጓዳ አልፌ የኋላውን ግድግዳ በሁለት እጄ ገፋሁት። ብሎኬት ነው፤ ንቅንቅ አላለም።