ሰባት ቤት ሲቆጠር

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በምንሄድበት አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ የወንበሩን ብረት ጨምድደው ይዘው ላብ ያጠምቃቸዋል። አጠገባቸው ያለው ነጋዴ ጠየቃቸው።

«እሜቴ፣ መኪና ፈርተው ነው?»

«ምን መኪና ብቻ! ጥላዬንም እፈራለሁ። ከአባቴ የወረስሁት ነው።»

«ሌላ የሚወረስ ጠፋ?»

«መሬቱን ወንድሜ ወሰደ፤ ፍርሃቱ ለእኔ ደረሰኝ። እሱማ ጅብ ደጁ ቢጮህ አይነቃም።»

«ልጅስ አለዎት?»

«አንዲት። እሷንም ጀምሯታል። ከጥምቀት ማግስት ትዳራለች።»

«አማቾችዎ ያውቃሉ?»

«ሰባት ቤት ቆጥረው ለምጽና የሚጥል በሽታ ጠየቁ። ፍርሃትን የጠየቀ የለም።»

«ታዲያ ይንገሯቸዋ!»

«ብነግር ጋብቻው ይፈርሳል። ዝም ብል ደግሞ በሰው ቤት ብቻዋን ልትፈራ ነው።»

ሦስት ሴት ልጆች የዳርሁት፣ በየድግሱ ስለ ጀግንነቴ ስደነፋ የኖርሁት እኔ ሽማግሌው፣ የሚንቀጠቀጥ ጉልበቴን በጋቢዬ ሸፈንሁት።