የሁለት ቀን በግ

በመስከረም ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከብሮ ወደ ስቶክሆልም በሚገሰግሰው ባቡር ውስጥ አንድ ውሻ ተነሥቶ ጮኸ። የስዊድን ውሻ ባቡር ላይ ከጌታው ይልቅ ጨዋ ነው፤ በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ ቢጮኽ ነው። ያን ዕለት ግን ሦስት ፉርጎ ሙሉ ሰው አንገቱን እስኪያዞር ጮኸ። የጮኸበትም በአቶ ካሳዬ እግር ሥር የቆመው ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳ ነበር። ከቦርሳው ጥግ አንዲት ቀይ ጠብታ ወርዳ ወለሉ ላይ ተንጠፍጥፋለች። ባለ ውሻዋ ሴት ጠብታዋን አየች፤ ሽማግሌውን አየች፤ ፖሊስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች።

አቶ ካሳዬ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አካላ በተባለ የስቶክሆልም ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። በነዱበት ዘመን በረዶው ፎቅ ሲያህል እንኳ አንዲት ደቂቃ ዘግይተው አያውቁም፤ ይህን የሚጠራጠር ቢኖር ራሳቸውን ይጠይቅ፣ እስኪመሽ ያስረዱታል። ለፖሊስ ግን የሚሆን ቃል በዚያች ሰዓት ጠፋቸው።

ከፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ብድግ ብላ፣ ንጉሡ ራሱ ቢሰማው በሚቀናበት ስዊድንኛ፣ ከቦርሳው አፍ የሚታየውን የቄራ ማኅተም እያሳየች፣ በውስጡ ያለው የበግ ሥጋ መሆኑን ለተሳፋሪው አስረዳች። ስልኩ ወደ ኪስ ተመለሰ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞር ብላ፣

«ጋሼ፣ ያንጠባጥባል። ይህን ፌስታል ከሥሩ ያድርጉለት» አለቻቸው።

«እሰይ የኔ ልጅ! የማን ልጅ ነሽ?»

«የመሪጌታ ወልደማርያም። ሊዲያ እባላለሁ።»

«አባትሽን አውቃቸዋለሁ! እሳቸው ሲያዜሙ በሜላረን ሐይቅ ያለ ዓሣ ሁሉ ጸጥ ይላል። አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ የኦሪትን ሕግ አጠናለሁ። የመሥዋዕቱን ሥርዐት፣ ዘሌዋውያንን።»

«በስዊድን አገር? ስዊድን መሥዋዕት ምን ያደርግለታል?»

«እነሱም እንዲሁ ነው የሚጠይቁኝ» ብላ ሳቀች። «በጉ ግን ለምንድን ነው? ዛሬ በዓል የለም።»

አቶ ካሳዬ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ለሁሉም ሰው አልነበረም። ነገር ግን የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ኦሪትም ታውቃለች። ነገሯት።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ በስደተኞች ሰፈር፣ የሁለት ዓመት ልጃቸው ሔዋን በወባ ተይዛ ዐይኗ ተገለበጠ። አቶ ካሳዬ ያን ጊዜ «ይህችን ልጅ ብታተርፍልኝ፣ በተወለድኩበት በሚካኤል ደጅ በግ በገዛ እጄ አርጄ አበላለሁ» ብለው ተሳሉ። ልጅቷ ተረፈች። መንገዱ ግን ወደ አገር ቤት አልመለሳቸውም፤ ወደ ሰሜን ወሰዳቸው። ዛሬ ነገ ሲሉ ሠላሳ ስምንት መስከረም ጠባ። ባለፈው ዓመት ደግሞ የልብ ሐኪማቸው አውሮፕላን አይሳፈሩ አሏቸው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን በየዓመቱ ለስለቱ ማስታወሻ ይሁን ብለው አንድ በግ ያሳርዳሉ፤ ፍሪዘር ውስጥ ይከቱታል፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ብቻቸውን ይበሉታል።

ያልነገሯት አንድ ነገር ነበር። ሔዋን ዛሬ አርባ ዓመቷ ነው፤ ከስቶክሆልም በስተ ደቡብ፣ ፋርስታ፣ ከባሏ ከገመዳና ከልጇ ጋር ትኖራለች። ሰኞ ጓዟን ጠቅልላ በሰሜን ወዳለችው ኡሜዮ ከተማ ልትሄድ ነው፤ እዚያ ሥራ አግኝታለች። «አባዬ፣ ከመሄዳችን በፊት ናልን» የሚል የድምፅ መልእክት ከላከችላቸው ዐሥር ቀን ሆነ። በእነዚህ ዐሥር ቀናት መልእክቱን ሺህ ጊዜ ሰምተውታል። ናፍቆታቸውን በእንስራ ቢቀዱት ሜላረን ሞልቶ ከተማውን ያጥለቀልቀው ነበር። መልስ ግን አልሰጡም።

«በዘሌዋውያን ምዕራፍ ሰባት ላይ ስለ ስለት በግ የተጻፈውን ያውቁታል?» አለች ሊዲያ።

«እንዴት አላውቅም! ዳዊት የደገምኩ ሰው እኮ ነኝ።»

«እንግዲያ ስቡ በመሠዊያው ይቃጠላል፤ ፍርምባውና ቀኝ ወርቹ ለካህኑ ነው፤ የቀረው ለባለ ስለቱ። ሥጋው ግን በዕለቱና በማግስቱ ይበላል እንጂ ለሦስተኛ ቀን አያልፍም። ካለፈ እሳት ይበላዋል፤ ስለቱም አይቈጠርለትም።»

«አገሩ ሙቀት ነው፤ ሥጋው እንዳይሸት ብለው ነዋ። ፍሪዘር ቢኖራቸው ሙሴም ይከተው ነበር።»

«ጨው አልነበራቸውም? ቋንጣ ማድረግ አያውቁም? ጋሼ፣ እስቲ ልጠይቅዎ፤ አንድ ሰው አንድ በግ በሁለት ቀን ይጨርሳል?»

«እኔ በጎልማሳነቴ አንዴ ቁጭ ብዬ ከነቀንዱ ነበር የምጨርሰው!»

«አሁንስ?»

አቶ ካሳዬ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ቈጠሩ። «አሁንማ… ወርቹም ለሳምንት ይተርፈኛል።»

«ታዲያ ሁለት ቀን ብቻ የተሰጠው ባለ በግ ምን ያደርጋል?»

«ሰው ይጠራላ።»

«ይኸው ነው ሕጉ! እኔ እንደሚገባኝ ጊዜው ያጠረው ማዕዱ እንዲሰፋ ነው። ዘዳግምም ይህንኑ ይላል፤ ስለትህን ከወንድ ልጅህና ከሴት ልጅህ ጋር፣ በደጅህ ካለው ሌዋዊ ጋር ብላ፣ ደስም ይበልህ። ብቻውን የሚበላ ባለ ስለት በኦሪት ውስጥ የለም። እርስዎ በየዓመቱ የሚያደርጉት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስለቱን ማስታወስ ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው።»

ለአንድ የተከበረ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ቃል መናገር ቀላል አይደለም። ነገር ግን እውቀት ያለው ሰው ዝም ቢል እውቀቱ ከድንጋይ ሥር እንደ ተቀበረ ፋኖስ ነው፤ ዘይቱን ይጨርሳል እንጂ ለማንም አያበራም።

ባቡሩ ስፖንጋ ጣቢያ ደረሰ። የአቶ ካሳዬ መውረጃ ይህ ነበር፤ ከዚህ አውቶቡስ ይዘው ወደ አካላ ይሄዳሉ። በሩ ተከፈተ። እሳቸው ግን ክርክር ሳያሸንፉ ከተሽከርካሪ ወርደው አያውቁም። ቦርሳውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ።

«ስሚኝ ልጄ፤ ስፍራው ደግሞስ? በሚካኤል ደጅ ብያለሁ። ኦሪትም ቢሆን መሥዋዕቱን ባየኸው ቦታ ሁሉ አታቅርብ ይላል። የዚያን ደጅ ዋርካ ታውቂዋለሽ? አራዊት ሁሉ ቢሰበሰቡ ጥላው አይጎድልባቸውም። በሕልሜ እንኳ ከሥሩ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ሰው ይቀሰቅሰኛል።»

ሊዲያ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«ያው ሕግ ዐሥራት ስለሚያወጣው ሰው ሲናገር፣ መንገዱ ቢርቅብህ፣ ልትሸከመውም ባትችል ይላል። ከብቱን ሸጦ ዋጋውን እንዲይዝ ይፈቅድለታል። ሕጉ መንገድ እንደሚርቅ ያውቃል፤ ለራቀ ሰውም መውጫ አለው። ለሚካኤል ደጅ ነዳያን የአንድ ድግስ ዋጋ ይላኩ፤ ከዋርካው ሥር ይበሉ። የዛሬው በግ ደግሞ ያለበት አገር ይበላ።»

«በገዛ እጄ አርዳለሁም ብዬ ነበር። እዚህ ቄራው በማሽን አደንዝዞ ያርዳል፤ ቢላ አያስነኩኝም። እኔ እኮ ቢላ ስስል የበጉ ጓደኞች ሁሉ ኑዛዜ ይጽፉ ነበር!»

«በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን ራሳቸውን ላልቀደሱት ሰዎች ሌዋውያን አርደውላቸዋል። ማንም መሥዋዕታችሁ ከንቱ ነው አላላቸውም። ይልቅ መሥዋዕቱን የባለቤቱ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነበር፤ ሳይታረድ እጁን በበጉ ራስ ላይ ይጭናል። እርስዎ ዛሬ ነክተውታል?»

አቶ ካሳዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ማለዳ ብሮ፣ በጉን በገዙበት በረት ዘንድ፣ ባለ እርሻው ሲያያቸው አፍረው፣ እንደ ገበያተኛ ሥቡን የሚፈትሹ መስለው፣ እጃቸውን በበጉ ግንባር ላይ አሳርፈው ነበር።

«ነክቼዋለሁ» አሉ። «ስሟንም ጠርቼበታለሁ።»

«እንግዲያ የቀረው ምንድን ነው?»

«የቀረው ገመዳ ነው!» አሉና ጉልበታቸውን መቱ። «የልጄ ባል። ፕሮቴስታንት ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ገበታው ላይ ስለቴን ባወራ፣ እውነተኛው በግ ከታረደ ሁለት ሺህ ዓመት ሆነው፣ እርስዎ የትኛውን ይዘው ነው የሚዞሩት ብሎ ሳቀብኝ። ከገበታው ተነሣሁ። እስከ ዛሬ ፋርስታ ያለውን ደጁን አልረገጥኩም።»

«ስለ ኃጢአት የሚታረደውን በተመለከተ እኮ ገመዳ አልተሳሳተም። ያ በክርስቶስ ተፈጽሟል፤ አባቴም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። የእርስዎ ግን የኃጢአት አይደለም፤ የምስጋና ነው። ምስጋናን ማን ሻረው? ሁለታችሁም እውነት ይዛችሁ፣ በሁለት ሰፈር ተቀምጣችኋል።»

«እኔ ነኝ ወደ እሱ የምሄደው? ሽማግሌው?»

«ኦሪት ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ ነው የጠየቀው፤ በግ ያልቻለ ሁለት ዋኖስ፣ እሱን ያልቻለ ጥቂት ዱቄት። ከድኻ ዱቄት የተቀበለ አምላክ አውሮፕላን ያልቻለ ሰው ላይ ይጨክናል? ፋርስታ ግን ይችላሉ ጋሼ። ይህ ባቡር በቀጥታ ይሄዳል። ሥጋውም ከነገ በኋላ ጊዜ የለውም።»

አቶ ካሳዬ ቦርሳውን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉ። ሊዲያ ከተማው መሐል ስትወርድም፣

«ቀኝ ወርቹ ለአባትሽ ነው፤ ነገ ወደ ቤተ ክርስቲያን እልክላቸዋለሁ» አሏት።

በፋርስታው ቤት በሩን የከፈተው ገመዳ ነበር። ከኋላው እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርቶኖች ይታያሉ። ሽማግሌውን አየ፤ ቦርሳውን አየ፤ ከዚያም አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ ይግቡ» አለ። «ይግቡ እባክዎ።»

«እስከ ነገ ማታ የሚያልቅ በግ ይዣለሁ። ጎረቤት ጥራ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችህንም ጥራ። ፍርምባው የካህን ስለሆነ ለፓስተርህ ይሁን፤ ምን አደርጋለሁ፣ ሌዋዊ ያገኘሁት እሱን ነው!»

ገመዳ ሳቀ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን ማንም አልቈሰለም።

ድስት ከካርቶን ወጣ፣ ወንበር ከጎረቤት መጣ። ቤቱ እንዲህ ሞላ፤ የፋርስታ ግማሽ እዚያ ነበር፣ ሌላው ግማሽ ደረጃው ላይ ቆሟል ቢባል ውሸት አይሆንም። ሁሉም ሲቀመጥ የስምንት ዓመቷ ርብቃ አያቷን በስዊድንኛ «ሙርፋር፣ በጉ ለምንድን ነው?» አለቻቸው።

አቶ ካሳዬ ለሠላሳ ስምንት ዓመት «ስለት አለብኝ» እንጂ ስለ ማን እንደ ሆነ ለቤተሰባቸው ተናግረው አያውቁም ነበር፤ ልጅ በሽታዋን ካወቀች በሽታው ይመለሳል ብለው ፈርተው። የምስጋና ገበታ ደግሞ ዝም ተብሎ አይበላም። ተነሥተው ቆሙ። ስለ ገዳሪፍ ድንኳን፣ ስለ ተገለበጠው ዐይን፣ በጨርቅ ስለ ተጠቀለለው ትንሽ ትኩስ ገላ ተናገሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል ሳያጋንኑ ተናገሩ።

ሔዋን ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ስለ እኔ ነበር?»

«ስለ አንቺ ነው እንጂ።»

ገመዳ እጁን በፊቱ ላይ አድርጎ፣ «ለካ የሳቅሁት በእሷ ሕይወት ላይ ነበር» አለ።

«አልነገርኩህማ። ያልተነገረውን በምን ታውቃለህ?»

ሔዋን ስለ እሷ ከተሳሉት በግ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከአባቷ እጅ ስትበላ እንባዋ እንጀራው ላይ ወረደ፤ ማንም ጨው በዛበት አላለም።

እንግዲህ የጥንቶቹ ሕግ ለዛሬ ሰው ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር ጥቅሙ ይህ ነው። ሰው ምስጋናውን ሲያቈየው ይቀዘቅዛል፣ ለብቻው ሲበላው ያንቀዋል፤ ሲያካፍለው ግን አምስት ዓመት የተዘጋ ደጅ ይከፍትለታል። የአባቶችን ሥርዐት ሳያውቅ የሚጠብቅም፣ ሳያውቅ የሚስቅበትም እኩል ይጎዳሉ። መድኃኒቱ መጠየቅና መማር ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሰው መጥራት።

እሑድ ማታ በድስቱ ውስጥ አጥንት እንኳ አልቀረም። ሔዋን የመጨረሻውን ካርቶን እያሸገች ሳለ አቶ ካሳዬ ከበሩ ተደግፈው፣

«ይህ ኡሜዮ የምትሉት አገር በባቡር ስንት ሰዓት ይወስዳል?» አሏት።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ነው አባዬ። ሩቅ ነው።»

ሽማግሌው ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር።

«ይህም መንገድ ሆኖ ሩቅ ትያለሽ? ለእኔም ትኬት ቁረጪ።»