የፊት ረድፍ አስቀማጯ

ክቡር ከንቲባ፣ ክቡራን የምክር ቤት አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲሁም ከሥራ ለማምለጥ ብቻ ወደ አዳራሽ የገባችሁ የግብር ክፍል ባልደረቦቼ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይህን ዝግጅት ላሰናዳችው ለሉስ ዳሪ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይድረሳት። ከነገ ጀምሮ የፕሮቶኮል ሹሟ እሷ ናት። የመጀመሪያ ሥራዋ እኔን መሸኘት ሆነ፤ እንዴት እንደተጋችበት ግን ሁላችሁም አይታችኋል።

ለማታውቁኝ፣ ኦቲሊያ ፒንሶን እባላለሁ። ሥራዬ ምን ነበር? በየበዓሉ ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚቀመጥ መወሰን። ቀላል ይመስላል። እስቲ ሁለት የምክር ቤት አባላትን ጎን ለጎን አስቀምጡና የአንዱን ወንበር በስንዝር ወደ ኋላ ሳቡት። አስታራቂ ሽማግሌ ቀድማችሁ ብትጠሩ ይሻላል።

በእኛ ከተማ በሳን ካሊስቶ ክራባት ያሰረ ሁሉ ዶክተር ይባላል። እኔም ሁሉንም ዶክተር ስል ኖርኩ። ጉንፋን ሲይዘኝ ግን አንዳቸውም አላከሙኝም።

እነዚህ ዶክተሮች “ጎበዝ” እንዲሉኝ ያላደረግሁት ምን አለ? ሲቀልዱ ሳቅሁ፤ ቀልዱን ሲደግሙት ደግሜ ሳቅሁ። ዶክተር ኤርሚንሱል ባሬራ ከንቲባ ሆነው በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት “ኦፌሊያዬ፣ እስቲ ቡናዬን” አሉኝ። ዶክተር ይታረማል? አይታረምም። ስለዚህ ኦፌሊያ ሆንኩ። ቢሮው ሁሉ ኦፌሊያ አለኝ። እኅቴ ደውላ ኦቲሊያን ስትጠይቅ “እዚህ እንዲህ የምትባል ሰው የለችም” ተባለች። እኔ ከስልኩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

የያኔው ከንቲባችን፣ ዛሬ ‘ዶን’ ማለትም አቶ ብቻ የምንላቸው ኤርሚንሱል፣ ከኋላ ተቀምጠው ይስቃሉ። አትደንግጡ፤ ይህን የምናገረው አስፈቅጄያቸው ነው።

አንድ ዓመት በከተማችን በዓል የማዘጋጃ ቤቱ ሜዳሊያ ለእኔ እንዲሰጥ ተወሰነ። እኅቴን ከምትኖርበት ከሶጋሞሶ አስመጣሁ። አዲስ ጫማ ገዛሁ፤ ጠባብ ነበር፣ ክብር ያሰፋዋል ብዬ ተማመንኩ። ፊት ረድፍ ላይ ለራሴ ወንበር ያዝኩና “ኦ. ፒንሶን” የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። በዚህም በዚያም ያስኬዳል ብዬ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ሊጀመር ሲል ከዋና ከተማው ከቦጎታ አንድ ሴናተር ሳይጠሩ ከተፍ አሉ። ከንቲባው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

“ኦፌሊያዬ፣ እኚህን ሰው የት እናድርጋቸው?”

“ሁሉም ተይዟል፣ ዶክተር።”

“ያ ወንበር የማን ነው?”

“የእኔ ነው።”

“በይ ጥሩ፣ እንግዲያው ችግር የለም።”

ወረቀቱን ልጬ ሴናተሩን አስቀመጥኳቸው። ሜዳሊያውም ከሳጥኑ ወጥቶ ስለነበር ለእሳቸው ተጠለቀላቸው። ስለ ምን እንደተሸለሙ እሳቸውም አልገባቸውም፤ ቢሆንም አልተቃወሙም። በማይክሮፎን “ሞቅ ያለ ጭብጨባ ለክቡር ሴናተር” ያለችው ማን መሰለቻችሁ? እኔው ነኛ።

ከዚያ ሹልክ ብዬ ወጣሁና አጠገባችን ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። የከተማውን ግማሽ ያጠመቁት፣ ሌላውን ግማሽ የሚቆጡት አባ አንሴልሞ መቅረዝ ይወለውሉ ነበር።

“ማን ሞተ?” አሉኝ።

“ማንም አልሞተም፣ አባ።”

“ታዲያ ምን ያነፋርቅሻል?”

የወንበሩን፣ የሜዳሊያውን፣ የስሙንም ነገር ነገርኳቸው።

“ኤርሚንሱል ጎበዝ ቢልሽ ምን ይተርፍሽ ነበር?”

“ደስ ይለኝ ነበር።”

“እስከ መቼ?”

አሰብኩ። “እስከ ማግስቱ።”

መቅረዙን አስቀመጡና አጠገቤ ተቀመጡ። “ያጠመቅኩሽ እኔ ነኝ። ውሃው ቀዝቅዞብሽ ጩኸትሽን አቀለጥሽው። ያን ጊዜ ወንበር አልደረደርሽ፣ ለማንም አላጨበጨብሽ፤ ለቅሶ ብቻ ነበር ሥራሽ። ኦቲሊያ ተብለሽ የተጠራሽው እንዲያ እያለቀስሽ ነው። እግዚአብሔር ‘በስምሽ ጠርቼሻለሁ፣ አንቺ የእኔ ነሽ’ ሲል ከንቲባውን ያስፈቀደ ይመስልሻል?” ወደ ታች አዩ። “በይ አሁን ይህን ጫማ አውልቂ፤ እግርሽ አብጧል።”

በባዶ እግሬ ከመስቀሉ ፊት ብዙ ቆየሁ። አብ ጌታችንን በጥምቀቱ “የምወደው ልጄ” ያለው ገና አንድ ሕመምተኛ ሳይፈውስ ነበር። በተሰቀለ ቀን ደግሞ ያጨበጨበለት የለም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ለእኔም እንደተባለ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ “ኦፌሊያዬ፣ እስቲ ቡናዬን።”

“ኦቲሊያ ነኝ፣ ዶክተር።”

“ከመቼ ወዲህ?”

“ከተጠመቅሁ ወዲህ።”

በሩን ዘጉት። በቃ ተባረርኩ አልኩ። “ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?” አሉ።

“እንዲወዱኝ ብዬ ነው።”

ክራባታቸውን ሲያላሉ አየሁ። “እኔም ዶክተር አይደለሁም” አሉ። “ሕግ ጀምሬ አቋረጥኩ። ሜዳሊያሽን ለሰውዬው የሰጠሁት እንዲያውቁኝ ብዬ ነው። መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‘አመሰግናለሁ፣ ኤርናንዶ።’”

እኔ መሳቅ አልፈለግሁም፤ ሳቄ ግን አልታዘዘኝም። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ “ይቅር በይኝ፣ ኦቲሊያ” አሉኝ።

በማግስቱ ቅዱሳን ሆንን ብዬ አልዋሻችሁም። እሳቸው ክራባቱን መልሰው አጠበቁ፤ እኔም ጭብጨባ ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል፣ ዛሬም ይቆማል። ነገር ግን ላይኛው መንደር የውሃ ቧንቧ ሲመረቅ የአገረ ገዥው ሰዎች መጡና ቦዩን የቆፈሩትን ገበሬዎች ከፊት ወንበር አስነሺ አሉኝ።

“አላስነሳም” አልኩ።

“ማን ነሽና?”

“ኦቲሊያ ፒንሶን።”

ወደ ከንቲባው ዞሩ። ዶን ኤርሚንሱል ፊታቸው አመድ መሰለ። “እሷ ካላስነሳች እኔም አላስነሳም” አሉና ሄደው ከኋላ ቆሙ። አገረ ገዥው ጥላ ያለበት ወንበር አጥተው ፀሐይ ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ፤ በዚህም ምክንያት ንግግሩ አጭርና ግሩም ሆነ። ፓርቲያቸው ግን ዶን ኤርሚንሱልን ከእጩነት ፋቃቸው። ዛሬ ምስማርና ቀለም ይሸጣሉ፤ እንቅልፋቸውም ተመልሷል ይላሉ ባለቤታቸው። እኔም እነሆ ያለ ሜዳሊያ ጡረታ ወጣሁ፣ አንገቴም ቀለለኝ።

ሉስ ዳሪ ልጄ፣ ሥራውን አክብሪው፤ እንግዳን በወጉ አስቀምጪ። “ጎበዝ” ያለሽን አመስግኚ፤ ያላለሽንም አትቀየሚው፣ ምናልባት እሱም “ጎበዝ” መባልን ከሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ። ልጆቻችሁ ስትገቡ በር ላይ ይቀበሏችሁ። በምርጫ ላሸነፋችሁ ትሕትና፣ ለተሸነፋችሁ ሥራ ይስጣችሁ። የሚያያችሁ ሰው በሌለበት፣ ምንም ሳትሠሩ፣ እንዲያው እንደ ተወለዳችሁ የተወደዳችሁ መሆናችሁን ልባችሁ ይመን። አሜን።