ስልሳ ሦስተኛው ብልቃጥ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማ ጠብታ» የሚላቸው እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ።

ትምህርታቸውን ጨርሰው በእናቶች ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሆኑ በኋላ፣ እጃቸው ከመቅለሉ የተነሣ ተወጊዋ ገና «ዋይ!» ልትል አፏን ስትከፍት ብልቃጡ ሞልቶ ይታሸግ ነበር፤ የነፍሰ ጡሩን ሁሉ ደም እሳቸው ስለቀዱት ትንኞች ሥራ ፈትተው ከሰፈር ተሰደዱ ብንል ብዙም አላጋነንንም። አናጺውን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ፤ ወላጆቻችን ሲያልፉም ታናሽ እህታችንን እንደ ልጅ አሳደጉ።

በተማሪነቱ ከገበታቸው ያልተለየውና «ታናሽ ወንድሜ» የሚሉት ሐኪም፣ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክቱ ሳይታይ ከደም ይታወቅ እንደሆነ ማጥናት ሲጀምር ቀኝ እጁ ሆኑ፤ ከእንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም ከሚገቡት ሁለት ፕሮቲኖች አንዱ ሲያንስ ሌላው ሲበዛ፣ አደጋው ከሳምንታት በፊት እንደሚታወቅ በዓይናቸው አዩ። የሴቶቹ ገመና እንዳይወጣ በየብልቃጡ ላይ በስም ፈንታ ቁጥር ያስጻፉትም፣ የስሞቹን መዝገብ ለሐኪሙ በአደራ የሰጡትም ራሳቸው ነበሩ።

አንድ ማለዳ የቁጥር ስልሳ ሦስት ውጤት ክፉኛ ተዛብቶ ቢያገኙት ጋዋናቸውን ሳያወልቁ ሮጠው «ይቺን ሴት ዛሬውኑ ጥራት!» አሉት፤ እሱም መዝገቡን ገልጦ ስሟን አየና «እሺ እትዬ፣ አሁኑኑ እደውላለሁ» አላቸው። አልደወለም፤ ለአንዷ ከተነገረ ጥናቱ ይበላሻል ብሎ ነው። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነፍሰ ጡሯ ታናሽ እህታችን ግፊቱ እያንዘፈዘፋቸው ሆስፒታል ገቡ፤ ሕፃኗ ተረፈች፣ እናቲቱ አልተረፉም። ከቀብር መልስ መዝገቡን ከሐኪሙ ጠረጴዛ አንሥተው ቢገልጡት፣ ቁጥር ስልሳ ሦስት የገዛ እህታቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ መዝገቡን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ውጤታቸው የሚያሰጋ ሴቶችን ደጅ እያንኳኩ «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ!» ሲሉ ከረሙ፤ በዚህም ምክንያት ከሥራ ተሰናበቱ። የስንብቱን ደብዳቤ የፈረመው ያው «ታናሽ ወንድም» ነበር።

ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ደም የምትቀዳቸውን ነርስ «ልጄ፣ ይኼ ለሦስት ሰው ይበቃል» እያሉ እየቀለዱ ባለፈው ማክሰኞ አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅ፣ እኛን ወንድሞቻቸውንና በር አንኳኩተው ያተረፏቸውን፣ ግቢው አልበቃ ብሏቸው መንገድ ላይ የቆሙትን እናቶች ትተው ሄደዋል። ሐኪሙም ትልቅ አበባ ይዞ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፤ ከወንድሞቻቸው ጋር እንዳንቆጥረው ግን ሟች አደራ ብለውናልና አልቆጠርነውም።

ለሰው ስትሮጥ የደከመችውን ነፍሳቸውን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን።